ሳውናው ከመሞቁ በፊት

ስለ «ሱኩላት» ባንድ የሚያወራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ሄልካን ነው። ያንሳ፤ የሚገባት ናት፤ ድምፅ ነበራትና። ቀጥሎ ባሏን ሬይዮን ያነሳል፤ ጊታሩን እንደ ሰው ያስለቅሰው ነበርና። ከዚያ ከበሮ መቺዋን ኦይሊን፤ ነፍሷን ይማር። ከዚያ ቆም ይልና ማጅራቱን እያከከ፣ «ቤዝ ጊታር የምትጫወት አንዲት ሴት ደግሞ ነበረች… ማን ነበር ስሟ?» ይላል።

ስሟ ኢርያ ነው። ይህን የሚጠይቀውም ብዙ ጊዜ ራሷን ኢርያን ነው።

«እኔ ነኝ፤ ፊትህ ቆሜያለሁ፤ ዓይንህን ጥረግ» ትለዋለች። ሰውዬው ይስቃል። ቀልድ ይመስለዋል። ቀልድ አይደለም። ባንድ ያለ ቤዝ፣ ቤት ያለ መሠረት ማለት ነው፤ ግን መሠረት ማን ያያል? ሰው የሚያየው መስኮቱንና መጋረጃውን ነው።

ባንዱ በዘመኑ የቀዳው አንድ ካሴት ብቻ ነበር። ቀጂው «ቤዙ በዝቷል» ብሎ ቁልፉን ቁልቁል ሲስበው፣ ሬይዮ አጠገቡ ቆሞ «እሺ፣ እሺ» ይል ነበር። ኢርያ ካሴቱ ላይ የለችም ማለት ይቻላል። ልጇ ትንሽ ሳለች አስቀምጣ ብታሰማት፣ «እማዬ፣ አንቺስ የታለሽ?» አለቻት። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ሆዷ ውስጥ ናት።

ካሴቱ ላይ ሌላም የጎደለ ነገር አለ። የበረዶው ዘፈን የለም። ኢርያና ሄልካ ታምፔሬ ከተማ ጨርቅ ፋብሪካ አብረው ሲሠሩ፣ አንድ መጋቢት ላይ የሐይቁ በረዶ ሲሰነጣጠቅ በመስኮት እያዩ የሠሩት ዘፈን ነው። ዜማው የኢርያ፣ ግጥሙ የሄልካ። ሊቀዱት ሲሉ የተከራዩት ሰዓት አለቀ፤ «በኋላ» ተባለ። በኋላ ልጅ መጣ፣ በኋላ ፋብሪካው ተዘጋ፣ በኋላ ኦይሊ ሞተች። አሁን ደግሞ «በኋላ» የሚባለው ነገር ራሱ ሊያልቅ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሐኪሞች የሄልካን ማንቁርት ያወጡታል። የበቀለበት ዕጢ አይጠብቅም። ሄልካ ትተርፋለች ብለዋል። ድምፅዋ ግን አይተርፍም።

ነገሩ የተነሳው በሄልካ ወጥ ቤት ነበር፤ ጥቁሩ ቋሊማ ሳህኑ ላይ ቀዝቅዞ፣ ማንም ሳይነካው።

«የቀረጻ ስቱዲዮው ሰውዬ ምን አለህ?» አለች ኢርያ።

«ተይዟል አለ» አለ ሬይዮ፤ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ። «እስከ ሚያዝያ ቦታ የለውም።»

«ሚያዝያ!» አለች ሄልካ። ድምፅዋ ድንጋይ ላይ እንደሚጎተት ወንበር ሆኗል። «በሚያዝያማ በእጄ ነው የምዘፍነው።»

ሬይዮ አልሳቀም። «በስልክ እንቀዳዋለን። ምን ይደረግ።»

«በስልክ የሚቀዳ የልጅ ልደት ነው» አለች ኢርያ። «እኔ ቤት ይቀዳ። እኔ እቀዳታለሁ።»

«አንቺ?»

«እኔ። ምነው?»

«ኢርያ፣ አንቺ እኮ የሳውና ምድጃሽን ሰዓት እንኳ አስተካክለሽ አታውቂም። ይሄ ኮምፒውተር ነው፣ ፕሮግራም ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ሰዎች ዓመታት የሚማሩት ነገር ነው።»

«አንተስ የት ተማርክ? ጊታርህን ያስተማረህ ዩኒቨርሲቲ ነው?»

«እኔ እቀዳለሁ አላልኩም! ደግሞ ጆሮሽ ግማሽ ነው። የሽመና መኪናው በልቶታል። የወፍ ድምፅ ትሰሚያለሽ? አትሰሚም!»

ይሄ እውነት ነበር። ቀጭን ድምፅ ከኢርያ ጆሮ ከራቀ ዘመን አልፎታል። ያዳነቻት ሄልካ ናት።

«ለሮክ ሙዚቃ ግማሽ ጆሮ ይበቃል» አለች። «ትቅዳኝ። ሐኪሙም መዝፈን አይጎዳሽም፣ ግን ቶሎ ይደክምሻል ብሏል። ቅዳሜ እመጣለሁ። አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው የምችለው፣ ኢርያ። ከዚያ በላይ የለኝም።»

ሬይዮ ተነስቶ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ሄልካ በመስኮት ተከተለችው። «መኪናው ውስጥ ሊቀመጥ ነው። ጊታሩን ከኋላ ጭኖ ይዞራል። ዕጢው ከተነገረን ቀን ጀምሮ አልነካውም፤ ቤትም አያስገባውም፤ ጥሎትም አይሄድ።»

ኢርያ ቀጥ ብላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ከዚያ ቤት ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ የብረቱን መደገፊያ ይዛ ቆመች። ምን ብዬ ነው የተናገርኩት? አለች በሆዷ። አፌ ሁልጊዜ ቀድሞኝ ይሄዳል፤ እኔ ከኋላው እየሮጥኩ እዳውን የምከፍል። ይሄኛው ግን በይቅርታ የሚያልፍ አይደለም። ባበላሸው ሁለተኛ ሄልካ የለችም።

በማግስቱ ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ሱቁ ሄደች። ሻጩ ሆዱ የወጣ፣ ሽበታም ፀጉሩን ከኋላ ያሰረ ሰው ነው። ኢርያ ባንኮኒው ላይ እጇን አሳርፋ ቆማ ሳለ፣ በራሷ ላይ አሻግሮ ከኋላዋ ላለው ወንድ፣ «ምን ልታዘዝ?» አለ።

«እሱን ተወው፤ እሱ ቆይቶ የመጣ ነው» አለች ኢርያ። «እኔ ሮክ ልቀዳ ነው። ቤቴ።»

ሰውየው ደነገጠ፤ ከዚያ ትንሽ ፈገግ አለ። ፈገግታው አላስደሰታትም።

«እርስዎ ራስዎ?»

«ሌላ ሰው ይዤ ታያለህ?»

ያኔ ነገሩን ነገረችው። ዘፋኝ አለች፤ ሰኞ ድምፅዋን ያጠፉታል፤ ቅዳሜ አንዴ ትዘፍናለች። ፈገግታው ጠፋ። ከባንኮኒው ጀርባ ወጣና ወንበር ሳበላት። ሁለት ማይክሮፎኖች አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠ። አንደኛው በሐር በተለበጠ ሳጥን የተኛ፣ የሚያብረቀርቅ። ሁለተኛው መድረክ ላይ የምታውቀው ዓይነት፣ ራሱ እንደ ወንፊት የሆነ፣ ቢወድቅ ወለሉን የሚጎዳ።

«ይሄ የሚያብረቀርቀው ሁሉን ይሰማል። ትንፋሽ፣ የከንፈር መለያየት፣ ሁሉን። ለድምፅ የሚመረጠው እሱ ነው። ያኛው ደንዳና ነው፤ ከፊቱ ያለውን ብቻ ይሰማል።»

«ይሄኛው ሁሉን ይሰማል ስትል፣ ማቀዝቀዣዬንም ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«ከላይ ያለውን የጎረቤቴን ውሻስ?»

«ያ… አዎ፣ ይሰማዋል። ግን ድምፅዋን ቀረብ ብሎ፣ ቁልጭ አድርጎ ይይዘዋል። እኔ ብሆን እሱን ነው የምወስደው። ስስ ነው ግን፤ እርጥበትና ሙቀት አይወድም።»

ኢርያ ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። የሚያብረቀርቀውን ብትወስድና ውሻው ቢጮህ? ደንዳናውን ብትወስድና የሄልካ ትንፋሽ ቢቀር? የፋብሪካ ሥራ ላይ ክር ቢበጠስ ይቋጠራል። ይሄ ክር ከተበጠሰ መቋጠሪያ የለውም። ከኋላ ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥረግ ጥረግ፤ የሚጠረግ ጉሮሮ ስላለህ አመስግን» አለችው ሳትዞር። ከዚያ ደንዳናውን አነሳች። ሄልካ ዕድሜዋን ሁሉ የጮኸችው እንዲህ ዓይነቱ ላይ ነው፤ ሸንጎበቷን የት እንደምታሳርፍ ታውቀዋለች። አዲስ ነገር መልመጃ ጊዜ የላትም።

በቀረው ሻጩን ሰማችው፤ ነገሩ የገባው ሰው ነበር። ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ የድምፅ ሳጥን ሰጣት፤ ባለ ሁለት ቀዳዳ፣ አንዱ ለሄልካ አንዱ ለቤዙ። ጆሮን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ማዳመጫ ሰጣት፤ ክፍት ከሆነ ከማዳመጫው የሚወጣው ሙዚቃ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል አላት። ረጅም ገመድ እንድትጨምርም ለመናት።

«ኮምፒውተሩን ከዘፋኟ ክፍል ያውጡት። ውስጡ ያለው ማራገቢያ ነፋስ ያሰማል። እርስዎ ላይሰሙት ይችላሉ፣ ግን ይገባል።»

«እኔ ላልሰማ እንደምችል ማን ነገረህ?»

«ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት» አለ ሰውየው በእርጋታ። «አባቴም ፋብሪካ ነበር።»

ረጅሙን ገመድ ገዛች።

ቤቷ ስትገባ የባሰው ጠበቃት፤ የድምፅ መቅጃው ፕሮግራም። ልጇ ትታው የሄደችው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ የጫነችው፣ ከሳጥኑ ጋር በነፃ የመጣውን ነበር። ሲከፈት እንደ አውሮፕላን አብራሪ ክፍል ሆነ፤ ቁልፍ በቁልፍ ላይ፣ መብራት በመብራት ላይ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። አንዱን ስትነካ ሌላው ይጠፋል። ሁለተኛው ይባስ፤ ኢሜይል አምጪ፣ ቁጥር አምጪ፣ ሌላ ቁጥር አምጪ እያለ እንደ ድንበር ፖሊስ መረመራት፤ በመጨረሻም የቀዳችውን ሙከራ ካልገዛሽኝ አላስቀምጥልሽም አላት። ኢርያ እዚያው ኮምፒውተሩን የማይጻፍ ስም ሰደበችው።

ሦስተኛውን ስትከፍተው ባዶ ገጽ፣ አንድ ቀይ ክብ፣ አንድ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን። ቀዩን ስትነካ መስመር መሄድ ጀመረ፤ ስትናገር መስመሩ አበጠ። ዘግታ ስትከፍተው ድምፅዋ እዚያው አለ። ሬይዮ በስልክ ሲሰማ፣ «እሱማ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ባለሙያ አይነካውም» አለ።

«ቀይ በሁሉም ቋንቋ ቀይ ነው» ብላ ዘጋችበት። ግን እንቅልፍ አጣች። የልጆች መጫወቻ ቢሆንስ? የሄልካን የመጨረሻ ድምፅ መጫወቻ ውስጥ ብከተውስ?

ዓርብ ቀን ቤዟን አውጥታ ለሄልካ መምሪያ የሚሆን መስመር ልትቀዳ ተቀመጠች። ክሩን ስትመታ፣ በማዳመጫው ድምፁ ዘግይቶ መጣ። እጇ አንድ ቦታ፣ ድምፁ ሌላ ቦታ። እንደ ሰካራም ጓደኛ ከኋላ ከኋላ ይከተላታል። ሄልካ እንዲህ ሆና እንዴት ትዘፍናለች? ወደ ሱቁ ደወለች።

«ይዘገያል! ድምፁ ይዘገያል! ምን ዓይነት ጉድ ነው የሸጥክልኝ?»

«ይረጋጉ» አለ ሻጩ። «ኮምፒውተሩ ዘንድ ደርሶ የሚመለሰውን እየሰሙ ነው። ሳጥኑ ላይ ያለችውን ትንሿን ማዞሪያ ወደ ግራ ያዙሯት። ያኔ ከኮምፒውተሩ ሳይሆን በቀጥታ ከሳጥኑ ይሰማሉ።»

አዞረች። መታች። ጣቷና ድምፁ አንድ ሆኑ። ስልኩን ሳትዘጋ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ተጫወተችለት። ሰውየው እስኪያልቅ ሰማ።

«ጥሩ ቤዝ ነው» አለ።

«አውቃለሁ» አለች ኢርያ፤ ዘግታ ግን ለጥቂት ጊዜ ስልኩን ታቅፋ ተቀመጠች።

ቅዳሜ መጣ። የቀረው ክፍል መምረጥ ነበር፤ ያን ግን አስቀድማ ቆርጣ ነበር። ሳሎኗ የከተማው ባቡር ይሰማበታል፣ መኝታ ቤቷ ላይ ውሻው ይሮጥበታል። መሐል ላይ ያለው፣ መስኮት የሌለው፣ በእንጨት የተለበጠው ሳውናዋ፣ የላብ መታጠቢያ ክፍሏ ብቻ ነው። ጠዋት ገብታ አግዳሚዎቹን አበሰች። እጇ የየቅዳሜውን የሳውና ዝግጅት በራሱ ይሠራ ነበር፤ ባልዲውን ሞላ፣ ፎጣ ሰቀለ፣ ያዞረውን አዞረ፣ ያስተካከለውን አስተካከለ። ሐሳቧ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። ድምፁ እንዳያስተጋባ ያላትን የብርድ ልብስ ሁሉ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ጥጉ ላይ ያለው፣ ድንጋይ የተከመረበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ቆርቆሮው ሰው ሲጮህ ይንቀጠቀጣል፤ እሱንም ከነድንጋዩ በወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ሸፈነችው። ምድጃ ላይ ጨርቅ እንደማይጣል በዚያ አገር የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቃል። ኢርያም ታውቃለች። ምድጃው ግን በረዶ ነው፤ ማን ያሞቀዋል?

ሄልካ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ወደ ላይ ወጣች። ሬይዮ መኪናው ውስጥ ቀርቷል።

«አይችልም» አለች። «ተይው። የት ልቁም?»

ማይክሮፎኑን ስታይ እንደ ድሮ ወዳጅ ጉንጩን ዳሰሰችው፤ ማዳመጫውንም ጆሮዋ ላይ አደረገች። ኢርያ የመስተዋቱን በር ዘግታ ከውጭ፣ መታጠቢያው ክፍል ውስጥ ቆመች፤ ኮምፒውተሩ ልብስ ማጠቢያው ላይ፣ ረጅሙ ገመድ በበሩ ሥር አልፎ። ድምፁን የሚለካውን ማዞሪያ ዝቅ አደረገችው፤ ሄልካ ስትጀምር ታንሾካሹካለች፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ግን ትጮኻለች፤ ከፍ ካለ ድምፁ እዚያ ላይ ፈንድቶ ይበላሻል። ይህን የሚያውቅ ፕሮግራም የለም። ኢርያ ታውቃለች።

ሄልካ ዘፈነች። ኢርያ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ዘፈኑ አልቆ ዓይኗን ስትገልጥ፣ የቤዙ መስመር አለ። የሄልካ መስመር ባዶ ነው። ቀዩን ነክታለች፤ ግን የሄልካን መስመር አልመረጠችም። ቤዙ ሲጫወት ሄልካ ባዶ ላይ ስትዘፍን ነበር።

በሩን ከፈተች።

«አልተቀዳም» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ማስተባበል አታውቅበትም።

ሄልካ ዞራ አየቻት። ግንባሯ ላይ ላብ አለ፤ እጇ ጉሮሮዋ ላይ ነው።

«ምን ልትዪ ነው እንግዲህ? ካሴት ላይ ስለጠፋሽ እኔንም ልታጠፊኝ ፈልገሽ ነው?» አለች፤ ከዚያ የሚያቃጥል ሳል እስኪይዛት ሳቀች። ውሃ ጠጣች። «አንድ አለኝ። አንድ። ጉሮሮዬን አውቀዋለሁ፣ ሦስተኛ የለም። ሂጂ፣ ያን መስመርሽን ምረጪ።»

ኢርያ የሄልካን መስመር መረጠች። ደግማ አየች። «አንዴ ሳል በይ» አለቻት፤ ሄልካ ሳለች፤ መስመሩ አበጠ። ቀዩን ነካች።

የመጀመሪያው ስንኝ እንደ ሹክሹክታ ወጣ። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ግን ያ ሻካራ ነገር ዘፈኑን አላበላሸውም፤ አርባ ዓመት ሲጠብቀው የነበረ ይመስላል። ኢርያ አሁን ዓይኗን ከመስመሩ አላነሳችም። ሁለተኛው ስንኝ ተጀመረ። ያኔ አፍንጫዋ ሰማ።

ጆሮዋ ግማሽ ቢሆንም አፍንጫዋ ሙሉ ነው። የተቃጠለ ሱፍ።

በመስተዋቱ አየች። ከብርድ ልብሱ ጠርዝ ሥር የምድጃው ቀይ መብራት በርቷል። ጠዋት እጇ ያዞረው ምን እንደነበር ያኔ ገባት፤ የምድጃውን ሰዓት። ዕድሜዋን ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ለከሰዓት በኋላው ስታዞረው የኖረችውን ሰዓት፣ ያለ እሷ ፈቃድ እጇ አዙሮታል። ሬይዮ አስተካክለሽ አታውቂም ያላት ሰዓት! ልማድ ሰይጣን ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል።

ብትጮህ ቀረጻው አበቃ። ባትጮህ ጓደኛዋ ልትቃጠል ነው። በሩን እንደ ሌባ በዝግታ ከፈተች። ሙቀቱ ፊቷን ገረፋት። ሄልካ ዓይኗን ጨፍና፣ ማዳመጫው ጆሮዋን ጠርቅሞ፣ ትዘፍናለች። ኢርያ ብርድ ልብሱን በሁለት እጇ ከምድጃው ገፍፋ አነሳችው፤ መሐሉ ጠቁሮ ይጨሳል። ሄልካ ዓይኗን ገለጠች። ጭሱን አየች፣ ምድጃውን አየች፣ ኢርያን አየች። አላቆመችም። በእጇ ብቻ «ሂጂ፣ ሂጂ» አለቻት፤ ሁለተኛውን ስንኝ ጨርሳ ወደ ሦስተኛው ገባች።

ኢርያ ውሃ ልታርከፈክፍበት ቧንቧው ላይ እጇን ዘረጋችና መለሰችው፤ ውሃ ድምፅ አለው። የሚጨሰውን ጨርቅ ታቅፋ በሳሎኑ አልፋ፣ የሰገነቱን በር በክርኗ ከፍታ በረዶው ላይ ወረወረችው። ሽሽ ብሎ ነጭ ጭስ ወደ ሰማይ ላከ። ጣቷ ተለብልቧል። ሮጣ ተመለሰች፤ በዚያ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ። መስመሩ ይሄዳል። ሄልካ ጮኸች። መስመሩ አበጠ፣ አበጠ፣ ጫፉ አጠገብ ደረሰ፤ አልፈነዳም።

ያኔ የውጭው በር ተደበደበ። የደብዳቤ መክተቻው ቀዳዳ ተከፍቶ የሬይዮ አፍ ታየ።

«ኢርያ! ሰገነትሽ እየጨሰ ነው! ሄልካ! ሄልካ የታለች?»

ኢርያ ያገኘችውን ፎጣ ይዛ በመተላለፊያው በረረችና ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ የሬይዮን ከንፈር ሳይጨምር አይቀርም። ከዚያ በጀርባዋ በሩን ደግፋ ቆመች። ከውጭ የታፈነ እርግማን ይሰማል። ከውስጥ ሄልካ የመጨረሻውን ቃል እየጎተተች፣ እየሳሳች፣ እየሳሳች… አቆመች።

ኢርያ ሄዳ ቀዩን ነካች። አስቀመጠችው። ዘጋችው፤ ከፈተችው። አለ። ከዚያ የምድጃውን ሰዓት ወደ ባዶ መለሰች፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ለሬይዮ በሩን ከፈተችለት።

ሊሳደብ አፉን ከፍቶ ገባ። ሄልካ መታጠቢያው ክፍል በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በላብ ርሳ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ ውሃ ትጠጣለች። አየችውና ማዳመጫውን ዘረጋችለት። መናገር አልቻለችም፤ ለዛሬ አልቋል።

ሬይዮ ቆሞ ሰማ። መጀመሪያ ፊቱ እንደ ድንጋይ ነበር። ቀጥሎ የግራ እጁ ጣቶች፣ እሱ ሳያውቅ፣ የጃኬቱን ዳር መጫን ጀመሩ፤ አንዱን ይጫናሉ፣ ይለቃሉ፣ ሌላውን ይጫናሉ። ኢርያ ጣቶቹን አወቀቻቸው። የዘፈኑን ጊታር እየተጫወቱ ነው። ሲያልቅ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ከኋላ የሚሰነጣጠቅ ድምፅ አለ» አለ። «ሦስተኛው ስንኝ ላይ። ጠሽ፣ ጠሽ የሚል። እንደ ሐይቁ በረዶ። እንዴት አደረግሽው?»

ኢርያ ምንም የሚሰነጣጠቅ ነገር አልሰማችም። ሊሰማትም አይችልም። የሞቁት የምድጃው ድንጋዮች መሆናቸው ወዲያው ገባት።

«ዘፈኑ የበረዶ አይደል?» አለች። «ምን እንዲያሰማ ፈለግህ፣ ላም?»

ሄልካ ፊቷን በፎጣው ሸፈነች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ለወዳጄ እወስደዋለሁ» አለ ሬይዮ። «ስቱዲዮ ያለው። እሱ ያጽዳው፣ ትንሽ ያስተካክለው፣ በሚያዝያ…»

«ሚያዝያን አፍህ ላይ እንዳላያት!» አለች ኢርያ። የተለበለበ ጣቷን ቀስራ ደረቱ ድረስ ቀረበችው። «ሄልካ በገዛ አፏ ‹ይሄ ነው፣ አለቀ› ማለት የምትችለው እስከ ነገ ማታ ነው። ከዚያ ወዲያ የማንም ወዳጅ አይነካውም። አሁን ወደ ታች ውረድ። በዚህ ብርድ መኪና ውስጥ የቀበርከውን ጊታር ይዘህ ና፤ ክሩ ተኮማትሮ ከሆነ እዚህ ወጥ ቤቴ ታሞቀዋለህ። ከድምፅዋ ሥር ትጫወትላታለህ። እጄ ይንቀጠቀጣል ብትል አልሰማህም፤ ግማሽ ጆሮ ነው ያለኝ። የእኔ ቤዝ ደግሞ ባለበት ይቆያል። ጣትህ ቤዙን ወደምትቀንሰው ማዞሪያ ዝር ቢል፣ ሬይዮ፣ በምድጃው ድንጋይ እመታሃለሁ። ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሂድ፣ ጊታሩን አምጣ!»